ቆርቆሮው ይመለስልን

ሰው የሚወደው ሲለየው ያለቅሳል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። የሚጠላው ሲለየውስ? እርስዎም አንባቢዬ፣ ጠላትዎ ሰፈር የለቀቀ ቀን እፎይ የሚሉ ይመስልዎታል። ተሳስተዋል። ጠላት የለቀቀ ለታ ሰው ቤቱ ገብቶ ቁጭ ይልና የሚያማው ያጣል፤ እራቱም አይጥመውም። ታዲያ ጠላት ሁሉ አንድ አይደለም። ጥሩ ጠላት ማለት ሩቅ ያለ፣ ቢሰድቡት የማይሰማ፣ ቢሰማም አማርኛ የማያውቅ ነው። እኛ የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰዎች እንዲህ ያለ ጠላት ነበረን፤ ቀሙን እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን የሚባለው ጉድ አገራችን በገባ ሰሞን፣ የሰፈራችን ባለ ቡና ቤት እትዬ በላይነሽ የአንገት ወርቃቸውን ሸጠው አንዱን ገዙ። ከባንኮኒው በላይ መደርደሪያ አሠርተው አስቀመጡት፤ ብርድ እንዳይመታው ይመስል ዳንቴል አለበሱት። በሌላው ቀን ቤቱ እንደ ነገሩ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን ወንበር ያጣ የቢራ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጣል፤ ሐሙስ የቆርቆሮው ቀን ነዋ!

ቆርቆሮው ያልነው እኛው ነን፤ የፈረንጅ ስሙ ለምላሳችን አልመች ብሎ። በሐሙሱ ተከታታይ ፊልም ላይ፣ ከሩቅ ኮከብ ተነሥቶ ምድርን ካልገዛሁ የሚል ክፉ ንጉሥ ነው። ራሱ የተደፋ ድስት፣ ዐይኖቹ ሁለት የሚያበሩ አምፖሎች፣ ደረቱ የኛኑ ሰፈር ጣሪያ የመሰለ። የሚናገረው እንግሊዝኛ ስለሆነ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። አምስት ኪሎ አስተማሪ ስለሆንኩ ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታመንብኛል። ከሦስት ቃል አንዱን እሰማለሁ፤ ሁለቱን ከራሴ እሞላለሁ። ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

«ስገዱልኝ ይላል» እላለሁ።

«ስገዱ? አፈር ብላ!» የሚለው የመጀመሪያው ድምፅ የጋሽ ሙላቱ ነው። ጋሽ ሙላቱ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው «እሺ ጌታዬ» ሲሉ ይውላሉ። ሐሙስ ማታ ግን ቀና ይሉና «አንተ ድስት ራስ! ዝገት ይብላህ! ደጅህን አረም ይዋጠው!» እያሉ ያወርዱበታል፤ ቤቱም ተከትሎ ይቀበላቸዋል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። እትዬ በላይነሽ ቤት የሰማዩ ንጉሥ በየሐሙሱ ይከሰስ ነበር፤ ይፈረድበትም ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ተራ ምስለኔ ለማማት እንኳ ግራና ቀኝ ማየት ያስፈልጋል። ቆርቆሮውን ቢሰድቡት ግን ማን ምን ይላል? ጆሮ ጠቢ ነው ብለን የምንጠረጥረው፣ ጥግ የሚቀመጠው ሰውዬ እንኳ ከማናችንም በላይ ይሰድበው ነበር። ስድባችንን ጨርሰን፣ ቀሎን፣ ተቃቅፈን ወደየቤታችን እንገባለን።

መስከረም ጠባና አዲሱ ክፍል መጣ። ሙዚቃው ያው የድሮው ነው። የንጉሡ ወንበር ቀስ ብሎ ዞረ። ድስት የለም! ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ቀጭን ክራቫት ያሰረ፣ ጸጉሩን በቅባት የለጠፈ ሰው ሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ሁለት ስልክ አለው። ከተማ ማጥፋት ሲያምረው እንደ በፊቱ አይጮህም፤ ደወል ይጫናል፣ ፈገግ ይላል፣ ወረቀት ላይ ይፈርማል።

«ሹም ሽር ሆኗል» አሉ አቶ ከድር። አቶ ከድር ከስልጤ አገር መጥተው ፒያሳ ጫፍ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሻያቸውን ይዘው ፊት የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። «ግን ምን አጠፋ? በሥራው ለግሞ አያውቅም እኮ!»

«ግዞት ወርዶ ይሆናል» አለ አንዱ።

«የለም፣ አምባሳደር አድርገውት ነው።»

እኔ፣ ያው ራሱ ነው፤ ፈረንጆቹ ዘመኑ ሠልጥኗል ብለው መልኩን ነው የቀየሩት አልኩ። ማን ሰምቶኝ! የተሻረን ሰው ያልተሻረ ለማስመሰል የምጥር አሽቃባጭ ተደርጌ ታየሁ።

«አሁንም ስገዱልኝ ይላል?» ብለው ጠየቁኝ ጋሽ ሙላቱ።

«አይ፣ ለራሳችሁ ጥቅም ነው ይላል።»

ሁሉም ጋሽ ሙላቱን አየ። አፋቸው ተከፈተ፤ ዐይናቸው ክራቫቱ ላይ ዐረፈ፤ አፋቸው ተዘጋ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። አልፈርድባቸውም። ይህን ሰውዬ እኮ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለመሬት ጉዳይ የሄደ እዚያ አግኝቶታል፤ ለፍርድ ጉዳይ የሄደም እዚያ አግኝቶታል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው «አፈር ብላ!» ስንል ቢሰማን፣ የሰማዩን ነው ያልነው ብሎ ማን ይመሰክርልናል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን ቢራችንን ጠጣን።

በየሐሙሱ ሰው እየሳሳ ሄደ። ዝም ለማለት ከሆነማ ማንም ቤቱ ሆኖ በነጻ ዝም ይላል። እትዬ በላይነሽ «ከማታውቀው መልአክ የምታውቀው ሰይጣን ይሻላል» እያሉ ባዶ ሣጥኖቻቸውን ይወለውላሉ፤ ወርቄን በከንቱ ሸጥኩ ብለው አንገታቸውን ይዳስሳሉ። የባሰው ግን ሌላ ቤት ነበር። አንድ ቀን የጋሽ ሙላቱ ባለቤት ወይዘሮ አሰለፈች መጡና አቶ ከድርንና እኔን ጠርተው ሆዳቸውን ገለጹልን።

«ድሮ ስድቡን እዚህ አራግፎ በግ ሆኖ ይገባልኝ ነበር» አሉ። «አሁን ከነስድቡ ነው የሚመጣው። ወጥ ጨው ሲበዛበት ‹ድስት ራስ!› በር ለመክፈት ስዘገይ ‹ዝገት ይብላሽ!› ወይ ስድቡን ተቀበሉኝ፣ ወይ እናቴ ቤት እገባለሁ። ምርር ብሎኛል!»

ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይገባል፤ ገባን። ጋሽ ሙላቱ አልካዱም። «የት ላራግፈው?» አሉ። «ቀኑን ሙሉ እሺ ጌታዬ ስል የዋልኩበትን የት ልጣለው? እሷን እንደማልጠላት እግዜር ያውቃል።» ሽማግሎቹ ዘወር ብለን መከርን። ጥፋቱ የባልየውም የሚስትየውም አይደለም፤ የዚያ ልብሱን የቀየረ ሰውዬ ነው። ስለዚህ በአገራችን ወግ ሽማግሌ መላክ ያለበት ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ነው። አይሳቁብን። ሽማግሌ ያልፈታው ነገር አይተን ስለማናውቅ ነው።

ባለጉዳዩን ጋሽ ሙላቱን አስከትለን ሄድን። ኃላፊው ዘንድ አስገቡን። ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ትሑት ወጣት ነው፤ ተነሥቶ ተቀበለን። ጥቁር ሱፍ። ቀጭን ክራቫት። ጸጉሩ በቅባት ተለጥፏል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ። እኔ አቶ ከድርን አየሁ፤ አቶ ከድር ጫማቸውን አዩ።

ሽማግሌ ደግሞ ወደ ነገሩ በቀጥታ አይገባም። አቶ ከድር ከአገሩ ሰላም ጀመሩ፤ የዝናቡን መልካምነት አመሰገኑ፤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ውበት ተሻገሩ፤ የቴሌቪዥንን ጥቅም ዘረዘሩ። «አሁን እንግዲህ… ይሄ የሐሙሱ… አዲሱ…» ሲሉ ተያዙ። አዲሱን ማማት ፊት ለፊት የተቀመጠውን ማማት ሆነባቸው።

«አዲሱን ወደዳችሁት?» አለ ኃላፊው ፈገግ ብሎ። ዐይኑ ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ እንደ ቆሙ የቀሩት ጋሽ ሙላቱ ላይ ነበር።

«እጅግ በጣም ግሩም ነው ጌታዬ!» አሉ ጋሽ ሙላቱ። ከዚያ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

አቶ ከድር ሊያድኑን ሞከሩ። «እንዲያውም ለኛ በዛብን። እኛ ደሀዎች ነን፤ የድሮው ይበቃን ነበር።»

«ትሕትናችሁ ነው!» አለ ወጣቱ ከልቡ ተደስቶ። «ፈረንጆቹ እንኳ አዲሱን አልወደዱትም ይባላል፤ የኛ ሕዝብ ግን ሥልጣኔ ያውቃል። ከእንግዲህ ማክሰኞም ጭምር ይታያል።»

ምን እንላለን? ሆድ ሲያውቅ፣ ዶሮ ማታ። ተነሥተን መረቅነው። አቶ ከድር ጭራሽ ልጅ እንዲወጣለት ለመኑለት።

ማክሰኞ መጣ። ሽማግሎች ሄደዋል የሚለው ወሬ ተዛምቶ፣ ቆርቆሮው ይመለሳል ብሎ የማይመጣው ሁሉ መጣ። እውነቱን ለማውጣት የደፈረ ከመካከላችን አልነበረም፤ ከእትዬ በላይነሽ በቀር ለማንም አልተናገርንም። ወይዘሮ አሰለፈች ሳይቀሩ በሩ ሥር ቆመዋል። ሙዚቃው ተሰማ፤ ወንበሩ ዞረ፤ ባለ ክራቫቱ ፈገግ አለ። የተሰበሰበው ሰው ፊት እንዴት እንደ ወደቀ አይጠይቁኝ። ጋሽ ሙላቱ እጃቸው ወደ ኮታቸው ቁልፍ ሄደ።

ድንገት መብራት ድርግም አለ።

ጨለማ። ከዚያ ከመሐል አንድ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ «አፈር… ብላ» አለ። ሌላው ተቀበለ። «ከነስልክህ ገደል ግባ!» «ፊርማህ ይድረቅ!» «ጥቅማችንን ለኛ ተውልን!» ቤቱ ተናወጠ። ነገ ተመለሱ ስለተባለበት ቀጠሮ፣ ስለጠፋ መዝገብ፣ በዝናብ ስለቆሙበት ደጅ ሁሉ ተነሣ፤ ከሩቁ ኮከብ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንጃ። ከበሩ በኩል አንዲት ሴት «ባሌን መልስልኝ!» ስትል ሰምቻለሁ። አስተማሪው እኔም ያልኩትን ብልም እዚህ አልጽፈውም።

መብራቱ ሲመለስ ሁሉም ብርጭቆውን ይዞ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ እስኪሞቅ ጥቂት ቆየና ባለ ክራቫቱ ብቅ አለ፤ ሲፈርም ነበር። ጋሽ ሙላቱ ላባቸውን ጠርገው ወደ ሚስታቸው ዞሩና «ነይ፣ ቁጭ በይ እንጂ» አሉ፣ ለስለስ ብለው።

አቶ ከድር ሻያቸውን ፉት አሉ። «እትዬ፣» አሉ፣ «ሐሙስም መብራት ይጠፋ ይሆን?»

እትዬ በላይነሽ ከመብራቱ ቆጣሪ ሥር ካስጠጉት ወንበር ላይ እየወረዱ ነበር።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ፣ እጃቸውን እያራገፉ፤ «የመንግሥት መብራት አይደል?»