አንድ ዲኮደር ለአምስት ክፍል

በዱዋላ ከተማ፣ በሎግቤሱ ሰፈር፣ የቤተሰብ አንድነት የተባለውን ታላቅ ዓላማ ከግብ ያደረሱ አንድ ሰው አሉ። እሳቸውም የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ምክትል ኃላፊ የነበሩት፣ አሁን በጡረታ ላይ የሚገኙት ክቡር ፓፓ ንሌንድ ናቸው። እኔ ጓሯቸው ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየሁ ተራ ሰው ብሆንም፣ ውለታቸውን ሳልመሰክር ብሞት ነፍሴ አትማርም።

ነገሩ የተጀመረው የኬብል ቴሌቪዥን ሠራተኛው አዲሱን የዋጋ ዝርዝር ይዞ የመጣ ዕለት ነው። ለመጀመሪያው ክፍል በወር አምስት ሺህ ፍራንክ፣ ለተጨማሪ ክፍል ደግሞ ሁለት ሁለት ሺህ።

«በስንት ክፍል ነው የምታዩት፣ ፓፓ?» አለ ሠራተኛው።

«በአምስት።»

«እንግዲህ አምስት ዲኮደር...»

«ቆይ ቆይ! ስንት ቤት ነው ያለኝ?»

«አንድ።»

«ስንት ሚስት?»

«እኔ በምን አውቄ!»

«አንድ! ስለዚህ ዲኮደርም አንድ!»

ይህን ታሪካዊ ንግግር ካደረጉ በኋላ ዲኮደሩን መኝታ ቤታቸው አስቀመጡና ሽቦ እየቀጣጠሉ ወደ ሳሎን፣ ወደ ልጆቹ ክፍል፣ ወደ ማድ ቤት፣ አልፎም እስከ እኔ ጓሮ ድረስ ዘረጉ። አምስቱም ቴሌቪዥን ቦግ አለ። ሁሉም የሚያሳየው ግን ፓፓ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው የመረጡትን ብቻ ነው፤ ሪሞቷ ያለችው በእሳቸው እጅ ነውና። አሠራሩንም «የተቀናጀ ዕይታ» ብለው ሰየሙት።

የተቀናጀ ዕይታ ጥቅሙ ተዘርዝሮ አያልቅም። «ዛሬ ምን እንይ?» የሚባል ጭቅጭቅ ከቤቱ ጠፋ። እኔ እግር ኳስ እያየሁ፣ አጥቂው ሊመታ እግሩን ሲያነሳ፣ ድንገት ስለ አሳማ እርባታ የሚወያዩ ሦስት ባለሙያዎች ይመጡብኛል። ጎሏ መግባቷን የምሰማው ከጎረቤት ጩኸት ነው። አልዋሽም፣ ብዙ ጊዜ ደሜ ፈልቷል። የቤት ኪራዩ ውስጥ «ቴሌቪዥንን ጨምሮ» የሚል ስላለ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ።

ፓፓ እንደሚሉት እሳቸው የሚያዩት ዜናና የምክር ቤት ስብሰባ ብቻ ነው። ሆኖም በየቀኑ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሌሎቹ ክፍሎች ቴሌቪዥን እንዲጠፋ መመሪያ አውጥተዋል። ምክንያቱ መብራት ለመቆጠብ ነው። በዚያ ሰዓት ማርሴሊና የምትባል ድሃ ልጅ ሊሳንድሮ ለሚባል ሀብታም የምታለቅስበት ተከታታይ ድራማ መኖሩ እንዲያው አጋጣሚ ይሆናል። ከመኝታ ቤታቸው የሚሰማው ንፍጥ የመሳብ ድምፅም ጉንፋን ሊሆን ይችላል።

በዚህ መካከል የበኩር ልጃቸው ሲዶኒ ልትዳር ሆነ። መድኃኒት ቤት የሚሠራው አርሴን ከልቡ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ፓፓ ታዲያ ልብስ ሰፊ ልጃቸውን እንዲሁ በቀላሉ የሚለቁ ሰው ስላልሆኑ አሥራ አራት ነጥብ ያለው የጥሎሽ ዝርዝር አዘጋጁ። ከስድስት አሳማ ይጀምርና በማቀዝቀዣ በኩል አልፎ በጄኔሬተር ያበቃል።

«ፓፓ፣ ይህን ያየ ሰው ተመልሶ አይመጣም!» ብላ አለቀሰች ሲዶኒ።

«ሌላ ይመጣል።»

«ሌላ አልፈልግም!»

«መዝገቡ ተዘግቷል» አሉ ፓፓ።

የአርሴን ወላጆች፣ ፓ ዋምባና ማማ ክሎቲልድ፣ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ተቀጠሩ። የመንገዱ መጨናነቅ ግን አሥር ሰዓት ላይ አደረሳቸው። የልጅቷ ወገን ቁጥሩ እንዳያንስ እኔም ለዕለቱ ዘመድ ተደርጌ ሳሎን ተቀምጫለሁ። ሲዶኒ የዘንባባውን ወይን ቀዳችና እንግዶቹን ለማክበር ቴሌቪዥኑን ከፈተች። መመሪያው ተረስቷት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። ፊቷን ሳየው ግን የረሳ ሰው ፊት አልነበረም።

እንደ ባህላችን የልጅቷ አባት እዚያው መልስ አይሰጥም፤ ገብቶ መመካከር አለበት። ፓፓ ሰዓታቸውን አዩና ዘለው ተነሡ።

«ጉዳዩ ጥልቅ ምክክር የሚጠይቅ ስለሆነ ቤተሰቡ ለጊዜው ይሰናበታል» ብለው ከወንድማቸው ከቶንቶን ቢቾካ ጋር መኝታ ቤት ገብተው ዘጉ።

ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን መዝሙር እያሰማ ነበር። ድንገት ቀጭ አለና ማርሴሊና የሙሽራ ልብስ ለብሳ ብቅ አለች። ድምፁም ከፍ አለ።

«ማነው የቀየረው?» አሉ ፓ ዋምባ ዙሪያቸውን እየተመለከቱ።

«ሪሞቱ ውስጥ ነው፣ አባባ» አለች ሲዶኒ።

«ውስጥ የት?»

«ምክክሩ ላይ።»

ፓ ዋምባ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። የሳሙና ማስታወቂያ እንደመጣ በሩ ተከፈተና ቶንቶን ቢቾካ ወረቀት ይዘው ወጡ።

«ቤተሰቡ ገንቢ በሆነ መንፈስ ተወያይቷል። አንደኛ፣ ስድስት አሳማ። ሁለተኛ፣ አሥር ቆርቆሮ የዘንባባ ዘይት። ሦስተኛ...» የድራማው ሙዚቃ ጀመረ። «ነገሩ ገና ውይይት ላይ ነው!» ብለው ሮጡ።

የቲማቲም ድልህ ማስታወቂያ ሲመጣ እንደገና ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምነው፣ ምን ነካዎ?» አሉ ማማ ክሎቲልድ።

«የልጅ መለየት ከባድ ነው፣ እመቤት። ማቀዝቀዣ፤ ባለ ሁለት በር። መጨረሻም ጄኔሬተር።» ሙዚቃው ጀመረ፤ ቶንቶንም ተሰወሩ።

ማማ ክሎቲልድ በባላቸው ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አሉ። ፓ ዋምባ ፈገግ ብለው ጠበቁ። የድራማው ቄስ «ተቃውሞ ያለው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በርም ሲንቋቋ፣ ብድግ ብለው የመኝታ ቤቱን በር አንኳኩ።

«ወንድሜ ንሌንድ! እኛ መሄዳችን ነው!»

«እንዴ! አንድ ደቂቃ!» አሉ ፓፓ ከውስጥ።

«አንድም ሰከንድ! አሳማው ሁለት ቢሆንስ?»

ጥቁር የለበሰ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገባ።

«ሁለት ይሁን!»

«ማቀዝቀዣውስ?»

«ይቅር!»

«ጄኔሬተሩስ?»

«ይቅር አልኩ እኮ፣ ሰውዬ! ቃሉን አሳለፉብኝ!»

«ልጅቷንስ?»

«ውሰዷት!»

ሲዶኒ እልል አለች። እናቷ ከማድ ቤት እየሮጡ መጡ፤ እኔም ዘመድነቴን ከልቤ ይዤው አጨበጨብኩ። ደስ ብሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ምን ይደበቃል።

ወይኑን ካልጠጡ ስምምነቱ አይጸናምና፣ ፓፓ የሚቀጥለው ማስታወቂያ ሲመጣ ወጡ። ሲዶኒን እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ «ልጠጣ?» ብለው በአንድ ትንፋሽ ጠየቋት፤ እሷም ሦስቴ «ይጠጡ!» አለች። ብርጭቋቸውን ጨለጡት። ከዚያ የሥራ ኃላፊነት እንደሚጠራው ሰው ወደ መኝታ ቤታቸው ዞሩ።

ማማ ክሎቲልድ እጃቸውን ያዝ አደረጓቸው።

«አይልፉ፣ አባቴ። እኛ ቤት ለየክፍሉ ስለከፈልን እኔ ድራማውን ሌላው ቻናል ላይ ትናንት ጨርሼዋለሁ። አታገባውም።»