ሦስት ከዘራ ወይስ አራት

ይህን ነገር አሳስቼ አስታውሼው ይሆናል። ከመነሻው ብናገር ይሻላል፤ በኋላ አጎቴ አንብቦት «እንዲህ አልነበረም» ቢል፣ እኔም ቀድሜ ተጠራጥሬ ነበር ለማለት ይመቸኛል። የማስታወሻ ደብተሬ ሽማግሌው ከዘራቸውን አራት ጊዜ መሬት ላይ አጋደሙ ይላል። ትዝታዬ ደግሞ የለም፣ ሦስት ጊዜ ነው ይላል። ደብተሩን የጻፍኩት እኔ፣ ያየሁትም እኔ። ሁለቱ እኔዎች እስካሁን አልታረቁም። ይህ በማንም ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው፤ በእኔ ሲሆን የሚያሳፍረው ግን የምማረው ማስታረቅን በመሆኑ ነው።

አዎ፣ የሰላም ጥናት እማራለሁ። ከእሱ ጋር ዓለም አቀፍ ግንኙነት። ሁለት ሁለተኛ ዲግሪ በአንድ ጊዜ። ቀን ቀን እንጅባራ ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ የራሴን ትምህርት የምከታተለው በኢንተርኔት ስለሆነ፣ ኔትወርክ ሲኖር ተማሪ ነኝ፣ ሲጠፋ መምህር። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ተምራችሁ ከሆነ ለሰው ማስረዳቱ እንዴት እንደሚያደክም ታውቃላችሁ። ሕክምና የሚማር ሰው የጎረቤቱን የወገብ ሕመም ይሰማል። ምህንድስና የሚማር የቤት ፕላን ይለመናል። ሰላም የሚማር ሰው ግን «እሺ፣ እና ሥራው ምንድን ነው?» ይባላል። ወዲያው የገባት እናቴ ብቻ ነበረች። «አንዱ ለጎረቤት፣ አንዱ ለጎረቤት አገር» አለች፣ ሽንኩርት ከመላጥ ቀና ሳትል። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም። በጥናቴ ላይ ልጠቅሳት ፈልጌ ነበር፤ እናት በዋቢ ዝርዝር ውስጥ እንዴት እንደምትጻፍ መመሪያው አይናገርም።

የመመረቂያ ጥናቴን የምሠራው በአገር ሽምግልና ላይ ነው። ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ይህን ስል እየተመጻደቅሁ አይደለም፤ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ በሩ ሦስት ጊዜ ካልተዘጋ የሚጨንቀኝ ዓይነት ነኝ ለማለት ነው። ስለዚህ ሽምግልናውን የማየው «ተሳታፊ ያልሆነ ታዛቢ» ሆኜ እንደሆነ በጥናት ዕቅዴ ላይ በደማቁ ጻፍኩ። ትርጉሙ ቀላል ነው። ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፣ እጽፋለሁ፣ በነገሩ ውስጥ የሌለሁ ያህል ሆኜ እወጣለሁ። የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠብ።

ጠቡን አጎቴ ሰጠኝ።

አጎቴ አያ ምትኩ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ነው የሚኖረው። ከጎረቤቱ ከአያ ካሳ ጋር እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በመቀናጆ ነው የሚያርሱት። ከተማ ላደጋችሁ ልንገራችሁ፤ መቀናጆ ማለት አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው የሁለቱንም መሬት በየተራ ማረስ ነው። የአጎቴ በሬ ዳልቻ ይባላል፣ የአያ ካሳ ወይኖ። አንዱ ያለ ሌላው በሬ ሳይሆን ሳር የሚጨርስ እንግዳ ነው።

ሁለቱ ሰዎች የተጣሉት በወሰን ነው። አጎቴ ከሦስት ዓመት በፊት በመሬቱ ዳር ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተከለ። ዛፉ ሲያድግ አያ ካሳ «ወሰኔን አልፈህ ተከልክ» አለ። አጎቴ «አንተ ነህ ወሰኔን አልፈህ ያረስከው» አለ። ከፋሲካ ጀምሮ አይነጋገሩም። ግንቦት ሊጋመስ ነው፣ ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል፣ ሰው ሁሉ መሬቱን ሁለተኛና ሦስተኛ ሲደግም የእነዚህ የሁለቱ ገና አልተነካም። ዳልቻ በአንድ ደጅ፣ ወይኖ በሌላ ደጅ ቆመው ያመሰኳሉ። ዝናቡ ከቀደማቸው የዓመቱ ጤፍ የለም፤ ለሁለቱም ቤት። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያ ስሜቴ ደስታ ነበር። ቅዳሜ ሽማግሌ እንደሚቀመጥ ስሰማ አዲስ ደብተር ገዛሁ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ዋናው አያ ዘለቀ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን የሚያውቅ የለም፣ ከዘራቸውን የማያውቅ የለም። የተቀመጥነው ጠብ ባስነሳው ዲከረንስ ጥላ ሥር ነው። ጥላው የማን እንደሆነ ገና ስላልተወሰነ ማንም አልከለከለንም። ጥግ ያዝኩ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ከዚያ አንድ የጥናት ሰው ማድረግ ያለበትን አደረግሁ፤ የፈቃድ ቅጹን አወጣሁ።

ቅጹ አራት ገጽ ነው። ጥናት የሚደረግበት ሰው ወዶና ፈቅዶ መሳተፉን የሚፈርምበት ወረቀት ነው፤ ያለ እሱ የምጽፈው ሁሉ ዋጋ የለውም። ለአጎቴ ሰጠሁት። አጎቴ አላነበበውም። የእህቱ ልጅ ያመጣውን ወረቀት ማንበብ ነውር መሰለውና ፈረመ።

አያ ካሳ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ተተከለ። እስኪ አስቡት፤ በወሰን ተጣልታችኋል፣ ሽማግሌ ፊት ቀርባችኋል፣ የባላጋራችሁ የእህት ልጅ ከእንጅባራ ወረቀት ይዞ መጥቶ ባላጋራችሁን ያስፈርማል። እናንተስ ምን ትሉ ነበር?

«ምንድን ነው የፈረመው?» አለ አያ ካሳ።

«የጥናት ነው፣ አያ ካሳ። ለእርስዎም አለ።»

«መሬቴን ነው የምታጠናው?»

«ኧረ አይደለም!»

«አንብበው» አሉ አያ ዘለቀ።

አነበብኩ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፤ «ተሳታፊው ምክንያት ሳይጠየቅ በፈለገው ጊዜ ማቋረጥ ይችላል።» ይህ የሚለው ከእኔ ጥናት ስለመውጣት ነው። አንቀጹ የተጻፈው ሰውን ለማክበር ነው። ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን በፈለገው ጊዜ መነሣት ይችላል ብሎ ጮክ ብሎ ያነበበ ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

አያ ካሳ ጋቢውን ሰበሰበ። «ይቻላል?»

«በጥናቱ ነው እንጂ…»

«ይቻላል ተብሎ ተጽፏል። እንግዲያው እኔ አቋርጫለሁ።» ተነሣ።

አጎቴም ተነሣ። «እሱ ካቋረጠ እኔ ምን ቤት ነኝ? ፈርሜ የለም እንዴ!»

ከሩቅ ወይኖ አገሳ። ሽማግሌዎቹ ደክመው የሰበሰቡትን ሽምግልና እኔ በአንድ አንቀጽ በተንኩት። ተሳታፊ ያልሆነው ታዛቢ ይህ ነው።

አያ ዘለቀ አልጮኹም። ከዘራቸውን በአያ ካሳ እግር ፊት አጋደሙት፣ በቃ። አንድ ሰው የተጋደመ የሽማግሌ ከዘራ ተራምዶ አይሄድም፤ አያ ካሳም አልሄደም። ቆሞ ቀረ።

«አንት ተማሪ» አሉኝ፣ «ይህን መውጫ በር የከፈትኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አያ ዘለቀ። ግን ዓላማው…»

«ዓላማውን ተወው።» ወደ ሁለቱ ዞሩ። «በሉ፣ ተቀመጡና ዋስ ጥሩ።»

ዋስ ማለት ሽማግሌ የሚወስነውን ባለ ጉዳዩ እንደሚፈጽም የሚቆምለት ሰው ነው። ካልፈጸመ የሚጠየቀው ዋሱ ነው።

አጎቴ «የእህቴን ልጅ ጠርቻለሁ» አለ ወዲያው።

አያ ካሳ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እኔም እሱን። እሱ ነው ያስነሣኝ፣ እሱው ይያዘኝ።»

ለሁለቱም ወገን አንድ ሰው ዋስ ሊሆን ይችል እንደሆነ ለመጠየቅ እጄን አነሣሁ። ሽማግሌዎቹ እሺ ማለቴ መሰላቸውና መረቁኝ። በዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ለስምምነት ዋስ የሚሆኑ አገሮች እንዳሉ ተምሬያለሁ፤ ጦር አላቸው፣ ግምጃ ቤት አላቸው። እኔ የነበረኝ አንድ እስክሪብቶና የመመለሻ ሚኒባስ ነው።

ከዚያ ነገሩ ተሰማ። አያ ዘለቀ ለሁለቱም ብዙ አልጠየቁም። ይልቅ ዳር የቆመችውን የአያ ካሳን ባለቤት፣ እታለም የሻሽን፣ «አንቺ፣ ውሃ በየት ነው የምትቀጂ?» አሏት። «በቤተክርስቲያኑ ዙሬ ነዋ» አለች፣ «ክንፍ የለኝ!» ይህ ከወሰኑ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም፤ ደብተሬ ላይ «ከርዕስ ውጪ» ብዬ ጻፍኩበት። ሦስቱ ሽማግሌዎች በአካባቢው ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ ተመካከሩ። የእኔ አዊኛ ለሰላምታ ይበቃል፣ ለሽምግልና አይበቃም።

በመጨረሻ አያ ዘለቀ ተነሡ፣ ከአጎቴ ሁለተኛ የዛፍ ረድፍ ጀምረው ወደ አያ ካሳ እርሻ ከዘራቸውን እያጋደሙ ለኩ። ሦስት ጊዜ። ወይም አራት።

«ምትኩ፣ ይህን የፊቱን ረድፍ ቁረጥ። ካሳ፣ አንተም ያረስኸውን ወደኋላ ተመለስ። መሃሉ የአንተም አይደል፣ የእሱም አይደል። ጋሪ ይለፍበት።»

ሁለቱም እኩል ከፋቸው። ስለዚህ ተስማሙ።

እኔ ግን ልቤ ዘለለ። ከጦር ነፃ ቀጠና! መንግሥታት ስንት ዓመት ተደራድረው የሚደርሱበትን አያ ዘለቀ ከምሳ በፊት ፈጠሩት። እንጅባራ ስገባ ስድስት ገጽ ጻፍኩ፣ «አገር በቀል ፈጠራ» የሚል ንዑስ ርዕስም ሰጠሁት። ከዚያ ለአማካሪዬ ደወልኩ።

«በሂደቱ ላይ ተጽዕኖ አላሳደርህም አይደል?» አሉኝ።

«ትንሽ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ዋስ ሆኛለሁ።»

«ለየትኛው ወገን?»

«ለሁለቱም።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ ሙሉ ነበር።

ዋስ ስለሆንኩ በየቅዳሜው ዳንግላ እወርድ ጀመር። ዛፉ መቆረጡን አየሁ። እርሻው መመለሱን አየሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ስደርስ ዳልቻና ወይኖ ተጠምደው ነበር፤ አጎቴ እርፉን ይዟል፣ አያ ካሳ ከኋላ ጓል ይሰብራል። «ዋሳችን መጣ!» አለ አያ ካሳ፣ «በል ና፣ ሳናቋርጥ እየን!» እየሳቁ ነበር። ሁለቱም በእኔ ነበር የሚስቁት፤ ከፋሲካ ወዲህ አብረው የሳቁበት የመጀመሪያው ነገር እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሰላም ለማምጣት ከዚህ የተሻለ መንገድ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ይህን ያህል ደስ ያለኝ ግን የለም። ሐምሌ ገብቶ ሲዘንብ እንጅባራ ሆኜ በመስኮት እያየሁ «ይዝነብ» አልኩ። ጤፉ ተዘርቶ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ስድስቱ ገጾቼ ይተርፉ ነበር። ነገር ግን ጥንቁቅ ነኝ ብያችኋለሁ። ለጥናቱ የቦታውን ንድፍ ልሥራ ብዬ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ ካርታውን ዘርግታ የአጎቴን መሬት አሳየችኝ፣ ቀጥሎ የአያ ካሳን። በመሃላቸው ሁለት ትይዩ መስመር ወደ ወንዙ ይወርዳል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የወል መንገድ» አለች። «ውሃ የሚቀዱበት ነበር መሰለኝ።»

በቀጥታ አያ ዘለቀ ደጅ ሄድኩ። «እርስዎ መንገድ እንደነበረ ያውቁ ነበር?»

«ሚስቴን ያመጣሁት በእሱ አይደል እንዴ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ያኔ አልተናገሩም? ሁለቱም እኮ ናቸው የቆረሱት፤ አንዱ በዛፍ፣ አንዱ በማረሻ!»

እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ልጅ አዩኝ። «ሁለታችሁም የመንገድ ሌባ ናችሁ ብዬ፣ በማግሥቱ ሂዱ አብራችሁ እረሱ ልበል?»

ይህን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። መጻፍ አላስፈለገኝም። «አገር በቀል ፈጠራ» የሚለውን ንዑስ ርዕስ ሰርዣለሁ፤ «ከርዕስ ውጪ» ያልኩት የእታለም የሻሽ መልስ አሁን ምዕራፍ አራትን ይከፍታል።

ከመሄዴ በፊት ግን ከዘራውን ለአንድ አፍታ እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። ከቦርሳዬ ሜትር አወጣሁ። አያ ዘለቀ ሳቁ፤ ግን ሰጡኝ። የመንገዱ ስፋት በካርታው ላይ ሦስት ሜትር ነው። ከዘራው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ነው፤ ሁለቴ ለክቼዋለሁ። ደብተሬ አራት ያለው በአያ ካሳ እግር ፊት የተጋደመውን ቆጥሮ ይሆናል።