ፈረቃ የሚያውቅ ወባ

እኛ አስተማሪዎች የመጣውን ተማሪ ስለቀረው መቆጣት እንወዳለን። ክፍል ገብተን ባዶ ወንበር ስናይ መዓቱን የምናወርደው ዝናቡም ጭቃውም ሳይበግራቸው መጥተው ፊታችን በተቀመጡት ላይ ነው። «ለምን ትቀራላችሁ?» እንላለን። ያልቀሩት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙናል። ምን ያድርጉ?

የማስተምረው ዓባይ ማዶ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል። ሰብለ የምትባል ተማሪ አለችኝ። አንዱን ሳምንት ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች፤ በሚቀጥለው ድምጥማጧ ይጠፋል። ስትመለስ ብጠይቃት መልሷ ያው ነው፤ «ወባ ነው ቲቸር።» ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ወባ ብርቅ አይደለም፤ እኔንም ስንቴ አንቀጥቅጦኛል። ግን ሰኞ ገብቶ ዓርብ የሚወጣ ወባ እናንተስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የመምጫ ሳምንቷ ደርሶም ቀረች። የሚኒስትሪ ፈተና ደጃችን ቆሟል። ወሬ መቼም ቦታ አያጣም፤ አንዷ «ሊድሯት ቆላ ድባ ወስደዋታል» አለች፤ ሌላዋ «ዓረብ አገር ልትሄድ ነው» አለች። ከሥራ ስወጣ በባጃጅ ተሳፍሬ ቤቷን እያጠያየቅሁ ሄድሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ሰብለ ናት። ሕፃን ወንድሟን አዝላለች። ሙሽራም አይደለች፤ መንገደኛም አይደለች። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ።

እናቷ ወይዘሮ ብርቄ ለፋብሪካ ሥራ ከሩቅ አገር የመጡ፣ እዚህ ዘመድ የሌላቸው ሴት ናቸው። «የጠዋት ፈረቃ ሲደርሰኝ ሕፃኑን የማስቀምጥበት የለኝም» አሉኝ፣ ዓይናቸውን እያሸሹ። «አሁን ደግሞ ፈረቃ የምትቀያይረኝ ባልደረባዬ ወለደችና ጠዋት ጠዋቱ እኔ ላይ ቀረ። ወባ የምትለው እኔን እንዳታሳጣ ነው።»

ለካ ወባውም በፈረቃ ነው የሚሠራው!

በዚያው ግቢ የሚኖሩት መሪጌታ፣ ለሰፈሩ ልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩት ሽማግሌ፣ ጨዋታችንን ሰምተው ኖሮ መቋሚያቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«አንቺ ብርቄ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ኧረ ክፉ አይንካዎ! ላስቸግርዎ አፍሬ ነው እንጂ።»

«የሚያስቸግረውስ ማፈርሽ ነው። ደጄ ላይ ቀኑን ሙሉ ሀ ሁ የሚል መንጋ ይጮሃል፤ የአንድ ሕፃን ለቅሶ ምን ይጨምርበታል? ባለቤቴም ቤት ናት። ከነገ ጀምሮ ልጁ ወደ እኛ፣ ሰብለ ወደ ትምህርቷ!»

አለቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው። ግን የሚጠይቅ ከሌለ በሽተኛው ለማን ይናገር? ትምህርት ቤታችን ስለ ቀሪ ተማሪዎች ያልተቀመጠው ስብሰባ የለም። ከስብሰባ ተነሥቶ በር ያንኳኳ ግን አልነበረም። በሩም ያን ያህል ሩቅ አልነበረም።

በማግሥቱ ሰብለን ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ሳያት፣ ያዘልሁት ድንጋይ ከጀርባዬ የወረደ ያህል ተነፈስሁ። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጽፌ ሳልጨርስ እጇን አወጣች። እኔም አንድ ትልቅ ነገር ልትናገር ነው ብዬ ጆሮዬን ቀሰርሁ።

«ቲቸር፣ መውጣት ይቻላል?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ እኔም አልቀረሁም። እሷ ግን ደንግጣ፣ «ለሽንት ነው፤ እመለሳለሁ!» አለች።

ተመለሰችም።