«እንዳልሽ» እና የሀያት ኮምፒውተር

«አንቺ ልጅ፣ የምትፈልጊውን እኛ ነን እንዴ የምንገምትልሽ?» ብለውኝ ነበር የስምንተኛ ክፍል አስተማሪዬ፣ ትምህርት ላቋርጥ ደብተሬን ታቅፌ ፊታቸው የቆምኩ ቀን። ዝም አልኩ። ዝምታ ጨዋነት ነው ሲባል ነዋ ያደግኩት።

የሰው ሆድ በምን እንደሚታወቅ እስካሁን ግራ ይገባኛል። ለእናንተ ይገለጥላችኋል? ጎረቤቴ እየሳቀች ትቀየማለች፤ አማቴ እየተቆጡ ይመርቁኛል። ሰሞኑን ደግሞ ይህን ሁሉ የሚለይ ኮምፒውተር ቤቴ ድረስ መጣ።

ያመጣችው ሀያት ናት፤ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለችውን የጓሮ ክፍላችንን የተከራየች፣ ኪቶ ፉርዲሳ የዩኒቨርሲቲው ግቢ የምትማር የደሴ ልጅ። ሰዎች ፌስቡክ ላይ የሚጽፉትን አስተያየት ታስገባለታለች፤ እሱ ደግሞ «ይሄ ተደስቷል፣ ይሄ ተናድዷል፣ ይሄ ምንም አልተሰማውም» እያለ ይፈርዳል። «ሥነ ልቦናን ከኮምፒውተር ጋር ማጋባት በይው» አለችኝ። ሽማግሌ ማን እንደተላከ አልጠየቅኳትም።

እኔም ጉዳይ ነበረኝ። የማታ ትምህርት ምዝገባ በማግስቱ ይዘጋል። ባለቤቴ የቡና ወቅት ሲሆን አጋሮ ነው የሚከርመው፤ «የማታ ትምህርት ምዝገባ ተጀምሯል አሉ። ምን ትላለህ?» ብዬ በስልክ ጻፍኩለት። የመለሰልኝ አንዲት ቃል ነው፦ «እንዳልሽ»። ተቆጥቶ ነው? ፈቅዶ ነው? ወይስ ደክሞት? እሷን ሳገላብጥ ለምሳ የጣድኩት ሽሮ አረረ።

«እስቲ ያንቺን አዋቂ ጠይቂልኝ» አልኳት ሀያትን።

ጻፈችለት። ምንም አልተሰማውም፣ አለ። ራሷ ታንብበው ብዬ ስልኬን ሰጠኋት።

«ቆይ፣ የሀና እናት፣ መጀመሪያ አንቺ ምን ብለሽው ነው?» ብላ የእኔንም መልእክት አስገባችለት። ምንም አልተሰማትም፣ አለ።

«ይሄማ ተሳስቷል» አልኩ። «እኔ እኮ ከልቤ ነው የምፈልገው።»

«ወላሂ፣ እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው» አለች ሀያት። «የቱ ጋ ነው የጻፍሽው?»

ስልኬን ተቀብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ተጀምሯል አሉ። ያሉት ሌሎች ናቸው፤ እኔ የለሁበትም። «እንዳልሽ» ያለኝ ሰውዬ ታዲያ ምን ያድርግ፣ ያልኩት ነገር የለ።

ያ ኮምፒውተር የሰው ልብ ያውቅ አያውቅ እንደሁ አሁንም አልለየልኝም። ብቻ ጓሮ ወጣሁና «መማር እፈልጋለሁ» ብዬ ለባለቤቴ ላክኩለት። መልሱን ቁጭ ብዬ አልጠበቅኩም፤ ሀናን አዘልኩና ወደ ምዝገባው ሄድኩ።