ሕግ የጠበቀው ማንቆርቆሪያ

የቃሊቲ ሕዝብ ሆይ፣ ደስ ይበልህ! ከመሃላችን ሕግ አክባሪ ፋብሪካ በቅሏል። ባለቤቱ አቶ ዱጉማ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ያመርታሉ። ከቂሊንጦ ሠራተኛ እስከ ድል ያለ ሠርግ እድምተኛ፣ በእሳቸው ማንቆርቆሪያ እጁን ያልታጠበ የለም። ችግሩ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፍቅሩ አስመስሎ እየሠራ ገበያቸውን ይሻማል። አቶ ዱጉማ እንቅልፍ አጡ፤ ሠራተኛም መቀነስ ጀመሩ።

ስለዚህ የማንቆርቆሪያውን ቅርጽ በኢንዱስትሪ ንድፍነት ለማስመዝገብ ቆርጠው ተነሡና በዛብህ የሚባል አማካሪ ቀጠሩ። በዛብህ አዋጁን እንደ ዳዊት በቃሉ የያዘ፣ ማንቆርቆሪያ ግን በእጁ ይዞ የማያውቅ ምሁር ነው።

«ለሥራ ጥቅም ብቻ የተበጀ ቅርጽ አይጠበቅም ይላል ሕጉ» አለ መነጽሩን ሽቅብ እየገፋ። «አፉ ለምንድን ነው?»

«ውሃ ሊወርድበት ነዋ!»

«ሥራ ነው፤ ይሰረዝ። እጀታውስ?»

«ሊያዝበት።»

«ይኸው ሌላ ሥራ! ሆዱስ?»

«ኧረ ውሃ ሊይዝ ነው!»

«አቶ ዱጉማ፣ አይዘኑብኝና ዕቃዎ በጥቅም ተበላሽቷል።»

ሚስታቸው ወይዘሮ ብዙወርቅ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ላዩ ላይ ያለውን አበባ አስመዝግቡና ሌላውን ተዉት! እጃችንን በምን ልንታጠብ ነው?» ቢሉ፣ «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» ተብለው ወደ ጓዳ ተመለሱ።

አዲስ ሞልድ፣ ማለትም ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት ብረት፣ በብድር ተሠራ። አፉ የተደፈነ፣ እጀታው ጣት የማያስገባ፣ ሆዱ ድፍን የሆነ ዕፁብ ማንቆርቆሪያ ወጣ። የምስክር ወረቀቱም መጣ። መዝጋቢው ምን ያድርግ? የቀረበለትን መዘገበ እንጂ ታጠቡበት አላለም።

ድግስ ተደገሰ። ፍቅሩም ይፈር ተብሎ በክብር ተጠራ። አንድ የወረዳ ተወካይ «ይህ ምርት ለዘርፉ ዕድገት የማይተካ ሚና እንደሚጫወት አያጠራጥርም» ብለው አስጨበጨቡና ምግብ ቀረበ። ማን ያስታጥበን? ድፍኑ ማንቆርቆሪያ መድረኩ ላይ ጉብ ብሏል። ወይዘሮ ብዙወርቅ ምርር ብሏቸው ከሱቅ የፍቅሩን አስገዙ። ተወካዩም ሳይቀሩ ታጠቡ።

አቶ ዱጉማ በንዴት ጦፈው ወደ ፍቅሩ ዞሩ። «ከእንግዲህ የኔን ንድፍ የሚነካ ወዮለት!»

«ኧረ ጋሼ፣ ያንን ድፍን ብነካው ልጆቼን ይንሳኝ!»

«አሁን የታጠብንበትስ? የኔ ቅጂ አይደል?»

«ቅጂ እንኳ አይደለም፣ የራስዎ ነው» አለ ፍቅሩ እጁን እያደረቀ። «አሮጌውን ሞልድዎን ለቁራሌ ሸጠውት የለ? እኔ ገዛሁት። የቀነሷቸው ልጆችም እኔ ጋ ናቸው።»

እድምተኛው ሁሉ እጁን ከሳህኑ አነሣ። ተወካዩ ብቻ ሥጋቸውን ያኝካሉ።

ያም ሆኖ የአቶ ዱጉማ መብት አልተደፈረም። ፋብሪካው ቢዘጋም የምስክር ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ፤ ያንን ማንቆርቆሪያ እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልኮረጀባቸውም።