ለዝርዝር እይታ ወደ ካፉሪ

አምስት ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ ሰብሳቢ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሆናል፤ አራተኛው ይቃወማል፤ አምስተኛው «ጉዳዩ በኮሚቴ ይታይ» ይላል። የመጀመሪያዎቹ አራቱ እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለዋወጣሉ። አምስተኛው ግን የትም ብትሄዱ ያው አንድ ሰው ነው። ካርቱም ላይ ስማቸው በለጠ ይባላል።

ክቡር አፈ ጉባኤ በለጠ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ የራክሻ መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ ራክሻ ያው አገር ቤት ባጃጅ የምንለው ነው። በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት በካርቱም ያለው የሐበሾች ዕድር ሊቀ መንበር ናቸው። ሆኖም ሱቃቸው ውስጥ ዲሽ አስገብተው የአገር ቤቱን ምክር ቤት ስብሰባ መከታተል ከጀመሩ ወዲህ «ሊቀ መንበር» የሚለው ማዕረግ ጠበባቸው። ሌላው ሰው ኳስ ሲያይ እሳቸው የመጀመሪያ ንባብ ያያሉ። የፍሬን ሸራ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ «ቆይ አንዴ፣ ድምፅ እየሰጡ ነው» ይባልና በፀሐይ ይቆማል።

ካዩት ያልተማሩት የለም። ማንኛውም ሐሳብ ከነማብራሪያው በጽሑፍ ይቀርባል። ጉባኤው ፊት ይነበባል፤ አባላት በአጠቃላይ ይዘቱ ላይ ይናገራሉ፤ ከዚያ ለዝርዝር እይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ መርምሮ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰዎች አነጋግሮ፣ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ያኔ ሁለተኛ ንባብ ይደረግና እጅ ይወጣል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ሚሊዮኖች ለሚኖሩበት አገር ነው። ጋሽ በለጠ ግን አንድ ድንኳንና ጥቂት ድስቶች ላሉት ዕድር አለበሱት።

የዕድሩ ትልቁ ድስት ማፍሰስ የጀመረ ጊዜ ጉዳዩ ለዕቃና ድንኳን ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ተመራ። ከወራት በኋላ ኮሚቴው ድስቱ በእርግጥ እንደሚያፈስ አረጋግጦ ሪፖርት አቀረበ። ሴቶቹ እስከዚያ አዋጥተው አዲስ ገዝተው፣ እሱም ጥቀርሻ ይዞ ነበር። ሰው ስለማይበቃ ያረጋል የሚባለው የዋህ አናጢ የሦስቱም ኮሚቴዎች ሰብሳቢ ነው። አንድ ጊዜ የዕቃ ኮሚቴው ያረጋል ለበጀት ኮሚቴው ያረጋል ገመድ መግዣ እንዲፈቀድለት ጻፈ፤ የበጀት ኮሚቴው ያረጋልም አስቦበት ከለከለ። በኸሪፍ፣ በክረምቱ ማለት ነው፣ የዝናብ ጎርፍ ወደ ስብሰባው ሲገባ አንድ ሰው «ጋሽ በለጠ፣ ውሃው እግራችን ደረሰ» ብሎ ጮኸ። እሳቸውም ወንበር ላይ ወጥተው፣ ውሃው በአስቸኳይ አጀንዳነት እንዲያዝ የሚደግፍ እንዳለ ጠየቁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ ደግሞ አልጋችንን ወደ መስኮቱ እናዙረው ካለቻቸው ዓመታት አልፈዋል፤ አልጋው ዛሬም በነበረበት ነው።

የዚህ ሥርዓት ቀንደኛ ተቃዋሚ ሸዋአለም ናት። ሸዋአለም ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር የሴት ጸጉር ትሠራለች፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷም ከእጇ አይዘገይም። ለነገር ሁሉ መልሷ «ያላ፣ እንጨርስ» ነው። ሰውዬው ገነት በር ላይ ቢደርስ ቅዱስ ጴጥሮስን ማብራሪያ ይጠይቀዋል እያለች ደንበኞቿን ታስቃለች።

እንዲህ ስታማቸው የኖረች ሴት ራሷ ጉዳይ ይዛ እፊታቸው ትቆማለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ያቆመቻት ሜላት ናት። የአክስቷ ልጅ ሜላት ካፉሪ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር፣ ከቪላዎቹ በአንዱ ትሠራለች፤ እዚያው ታድራለች፤ ከግቢው የምትወጣው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው፣ እሱም የቤቱ እመቤት መዳም ሀዋ እንግዳ ከሌለባት። የዕድሩ ደንብ ደግሞ በተከታታይ ሦስት ቀብር የቀረ አባል ይሰረዛል ይላል። ሞት ዓርብን አይጠብቅም። ሜላት ሁለት ቀብር ቀርታለች፤ አንድ ከጨመረች አበቃ።

በሰው አገር ዕድር ሬሳ መሸኘት ብቻ አይደለም። የሜላት እናት አገር ቤት ታማ ተኝታለች። ያ ክፉ ወሬ የመጣ ቀን መርዶ የሚነግራት፣ ደግፎ የሚይዛት፣ አብሯት የሚቀመጠው ዕድሩ ነው። ከተሰረዘች ግን በስልክ፣ በሰው ማድ ቤት፣ የሰው ሳህን እያጠበች ትሰማዋለች። 

ስለዚህ ሸዋአለም ዕድሩ በያረጋል ሖሽ፣ ማለት ግቢው ውስጥ፣ በተሰበሰበበት ዓርብ ተነሥታ ቆመች። ሜላት ቀብር ሲኖር በእሷ ፈንታ ሰው እንድትልክ ይፈቀድላት፣ እጃችሁን አውጡና ያላ እንጨርስ አለች። ግማሹ ሰው እጁን አንሥቶ ነበር። ጋሽ በለጠ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ክብርት ሸዋአለም፣ ይህ ሐሳብ ነው ወይስ ረቂቅ?»

«ጋሽ በለጠ፣ ይቺ ሰው ናት።»

«ሰውም ብትሆን በጽሑፍ ትቅረብ» አሉ። የተነሡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

ሸዋአለም ጥርሷን ነክሳ ጻፈች። በሚቀጥለው ስብሰባ ረቂቁ በመጀመሪያ ንባብ ቀረበ። ተቃውሞው ከጥጋቡ መጣ። ጥጋቡ ግንበኛ ነው፤ ቀብር ቀርቶ የማያውቅ፣ ሳጥን ሲነሣ ከፊት የሚይዝ ሰው ነው። ዛሬ ሜላት ወኪል ብትልክ ነገ ሁላችንም እንልካለን፣ ያኔ ሬሳውን ማን ይሸከማል ሲል ጠየቀ። ክፋት አልነበረበትም። አፈ ጉባኤውም ረቂቁን ለሐዘንና ማኅበራዊ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ መሩት፤ ሰብሳቢ ያረጋል፣ አባል ጥጋቡ።

ሸዋአለም ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ይሉሃል ይህ ነው ብላ ወጣች። በማግስቱ የሠራቻቸው ሹሩባዎች ሁሉ እንባ የሚያስወጡ ሆኑ።

ረቂቁ ኮሚቴው ዘንድ ተኝቶ ሳለ የአንድ አዛውንት የዕድሩ አባል፣ የአቶ ሰብስቤ ባለቤት ዐረፉ። ቀብሩ ማክሰኞ ሆነ፤ ሜላት አልተገኘችም። ሦስተኛው ቀብር ነበርና ጥጋቡ በስብሰባው ላይ ደንብ ደንብ ነው፣ ትሰረዝ አለ። ሸዋአለም ተስፋዋ ተቆርጦ ወደ ጋሽ በለጠ አየች። እሳቸው ምንም አልተጣደፉም። ኮሚቴ ዘንድ ያለ አንቀጽ ሪፖርቱ እስኪቀርብ ድረስ ማንንም ሊቀጣ አይችልም ሲሉ አስታወቁ። እንዲህ የሚል ድንጋጌ ይኑር አይኑር ያወቀ የለም፤ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያ የረገመችው ዝግመት የሜላት ከለላ እንደሆነላት ሸዋአለም ገባት፤ ምስጋና ግን ከአፏ አልወጣም።

ኮሚቴው ሪፖርቱን ሊጽፍ ሲል አፈ ጉባኤው አንድ ነገር ያዙ። ጉዳዩ የሚመለከታቸው፣ እንደ ሜላት በሰው ቤት የሚያድሩ ሴቶች አልተሰሙም። ያረጋል ግን፣ ሴቶቹ ዓርብም ቢሆን መውጣታቸው እርግጥ ስላልሆነ «ተጠርተው አልተገኙም» ብለን እንጻፍ አለ።

«እነሱ መምጣት ካልቻሉ» አሉ ጋሽ በለጠ፣ «ኮሚቴው ይሄዳል።»

በዓርቡ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ሚኒባስ ተከራይተው ወደ ካፉሪ ተጓዙ፤ ከረባት ያሰሩት አፈ ጉባኤ ከፊት፣ ያረጋልና ጥጋቡ በሙሉ ልብስ ከኋላ፣ ሸዋአለም በረቂቁ አቅራቢነት ከመካከላቸው። የቪላው ዘበኛ ኦመር በሩን ሲከፍት ላብ ያጠመቃቸው ሦስት የተከበሩ ሰዎች እጃቸውን አጣምረው ቆመው አገኘ። ኦመር ዕድሜውን ከሐበሻ ጋር የኖረ ሰው ስለሆነ ሽማግሌ ሲያይ ያውቃል። «ማብሩክ»፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ወደ ውስጥ ሮጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወንበርና ምንጣፍ ወጣ፤ መዳም ሀዋም ለሠርግ የሚቀዳውን ሸርባት በትሪ ላከች፤ ሜላትንም እስከ ማታ ለቀቀቻት።

ጋሽ በለጠ ደነገጡ። ጋብቻ ሊጠይቁ እንዳልመጡ ለቤቱ ባለቤት በይፋ ለማስታወቅ ሲነሡ ሸዋአለም የኮታቸውን ጫፍ ያዘች።

«ጋሽ በለጠ፣ እሱ በኮሚቴ ይታይ።»

ሐሳቡን መዘኑት። ሥርዓቱን የተከተለ ሆኖ አገኙትና ተቀምጠው ሸርባታቸውን ጠጡ።

የሸርባቱ ወሬ መንገዱን ዞረ። እንደ ሜላት የሰው ቤት የምትሠራው ቤቲም፣ ሌሎቹ ሠራተኞችም ከየጎረቤቱ ቪላ የታጨችው ማን ናት እያሉ መጡ፤ አንዷ ሊጥ ከእጇ አልለቀቀም ነበር። ሁሉም ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ በለጠ ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ክብርት ወይዘሪት ሜላት፣ ስለ ረቂቁ ያለዎትን አስተያየት ለኮሚቴው ያሰሙ» አሉ።

ሜላት ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። በዚያ ግቢ ስሟ «ያ ቢት» ነው፤ አንቺ ልጅ ማለት ነው። ሰው እርስዎ ብሏት አያውቅም። ቤቲ በክንዷ ነካ ስታደርጋት ነው መናገር የጀመረችው።

«እኔ ወኪል አልፈልግም» አለች። «ሰው ከላክሁ እኔን ማን ያውቀኛል? ቀብሩ የሥራ ቀን ነው፣ አንችልም። ግን ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል፣ እናንተም ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁ። ጁማ ሲደርስ ሐዘንተኛው ብቻውን ነው። እኛ ደግሞ ያለችን ጁማ ናት። እሷን እንስጣችሁ።»

ሸዋአለም አንገቷን ደፋች። የደከመችለት ረቂቅ ሜላትን ከስረዛ ያድናት ነበር፤ ከዚያ በር ግን አያወጣትም ነበር። ያን ዓርብ እጅ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ማንም ሳይሰማው ይቀር ነበር። ጥጋቡ ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ወንድሙን የቀበረው ባለፈው ዓመት ነው። «በአራተኛው ቀን ሻዩን ራሴ ነው ያፈላሁት» አለ፤ ከዚያም ወደ ያረጋል ዞሮ፣ በሥራ ቀን መውጣት የማይችል አባል ዓርብ ሐዘንተኛውን ከጠየቀ ቀብር እንደተገኘ ይቆጠር የሚል አንቀጽ ያስጽፈው ጀመር።

ሲመለሱ ሸዋአለም ጋሽ በለጠን ጠየቀቻቸው። አልተገኙም ብሎ መጻፍ ስንት ድካም ያድን ነበር፤ ለምን ይህን ሁሉ መንገድ?

«እዚህ አገር ስኖር በእኔ ላይ ስንት ደንብ ወጣ» አሉ፣ መንገዱን እያዩ። «ስለ መታወቂያዬ፣ ስለ ሱቄ፣ ስለ ማድርበት። አንድም ቀን አንተስ ምን ትላለህ ያለኝ የለም።»

ሁለተኛው ንባብ ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ፤ ሪፖርቱ በጥራት መገልበጥ አለበት ተባለ። በመካከል ባለው ዓርብ ሸዋአለም አቶ ሰብስቤን ልትጠይቅ ሄደች። ጭር ያለ ቤት ጠብቃ ነበር። በሩን ስትከፍት ግን ሜላትና ቤቲ ከሌሎቹ ጋር አቶ ሰብስቤን ከበው ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌው የሚስታቸውን ነገር እያወሩ እየሳቁም እያለቀሱም ነበር። ጥግ ላይ፣ ያለ ከረባት፣ ሻይ የሚቀዱት ክቡር አፈ ጉባኤ በለጠ ናቸው። ሴቶቹን ከየበሩ ለቅመው በአምጃድ ያመጧቸውም እሳቸው ነበሩ።

«ጋሽ በለጠ» አለች ወገቧን ይዛ፣ «ሁለተኛ ንባብ ሳይደረግ?»

ፊታቸው ቀላ። «እኔ እዚህ ያለሁት በግሌ ነው» አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰውዬው ብቻውን ነበር፣ ሸዋዬ። ለጉባኤው እንዳትነግሪብኝ።»

ሊወጡ ሲሉ አቶ ሰብስቤ የሜላትን እጅ ይዘው አለቀቁም። «ልጄ፣ ያንቺ ቀን ሲመጣ እዚያ በር ላይ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ። በስልክ አትሰሚውም» አሏት። ሜላት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

በሁለተኛው ንባብ የጥጋቡን ጨምሮ እጅ ሁሉ ወጣ። ጋሽ በለጠ ከረባታቸውን አጥብቀው፣ ማሻሻያው ከዛሬ ጀምሮ የጸና መሆኑን፣ ከዛሬ በፊት ግን ማንም ሥራ ላይ ሊያውለው እንደማይችል ለጉባኤው ሊያስታውቁ ጀመሩ። መካከል ላይ ከሸዋአለም ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩና የቀረውን ዋጡት። ሸዋአለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ያዘች። ይህን ሰው እንደ አባቷ እንደምትወደው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው፤ የዚያን ዓርብ ምስጢሩንም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም።