ለሰናይት የተለካ ካፖርት

እናንተ ረጃጅሞች ይህን ታሪክ የምታነቡት በእንግድነት ነው፤ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ግን እናውቃለን እንዳትሉ። አጭር ሴት ዕድሜዋን የምትገፋው ለሌላ ሰው በተሠራ ዕቃ ነው። መደርደሪያው ለሌላ፣ የአውቶቡሱ መያዣ ለሌላ፣ የመዝጊያው መቀርቀሪያ ለሌላ። ባለሱቆች ደግሞ ሴትን ለሁለት ይከፍሏታል፦ ረጅምና ሕፃን። እኔ ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ቁጭ ብድግ የማደርግ መምህርት፣ ከሁለቱ አንዷን ምረጪ ተባልኩ።

አስመራን በፎቶግራፍ ብቻ የምታውቁ ዘንባባዋን አይታችሁ ሞቃት ትመስላችኋለች። ጥር ላይ ኑና እዩዋት! ያኔ ቤቴ ሓዝሓዝ ነበር፤ የማስተምረው ግን ከተማውን ተሻግሬ ዓዲ ጓዕዳድ ነው። ከመጨረሻው ፌርማታ ወርጄ ሜዳውን በእግሬ አቋርጣለሁ። ትምህርቱ በሙሉ አማርኛ ይሁን ተብሎ ስለነበር፣ ራሴ በክረምት ኮርስ የለቃቀምኩትን አማርኛ በትግርኛ ጉሮሮ አስተምራለሁ። ያ ጉሮሮ ደግሞ ካቻምና የያዘው ሳል አልለቅ ብሎታል። ሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ «ወይ ደህና ካፖርት፣ ወይ ማስተማሩን ተዪ።»

ሱቅ የሞላበትን ዋናውን ጎዳና፣ ኮምቢሽታቶን፣ ላይ ታች አልኩ። የለካሁት ሁሉ እጅጌው ጣቶቼን ይውጣል፣ ጫፉ አስፋልት ይጠርጋል። አንዱ ባለሱቅ እንዲያውም «ሲኞሪና፣ ካፖርቱ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል» ብሎ ሳቀብኝ። እልህ ይዞኝ ከልጆች ክፍል መልሕቅ የተቀረጸበት ወርቃማ ቁልፍ ያለው ቀይ ካፖርት ገዛሁ። በማግስቱ የዳይሬክተራችን የሰባት ዓመት ልጅ ያንኑ ካፖርት ለብሳ መጣች። ተማሪዎቼ ያን ቀን የሣቁትን ሣቅ እግዜር ይቅር ይበላቸው።

አቦይ ገብራይን ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ከኮምቢሽታቶ ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ ልብስ የሚሰፉ፣ ሙያውን ከጣሊያን ጌታቸው የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። በመስኮታቸው አጠገብ፣ ሚስማር ላይ፣ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት ተሰቅሏል። ከመንገድ ሆኜ እንዳየሁት ገብቼ ሽጡልኝ አልኩ። ልኬ ነው።

«ኣይፋል፣ ጓለይ፤ ባለቤት አለው» አሉ፤ አይሆንም፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

በእሳቸው ቤት ደንብ አለ። ለሰው ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ባለቤቱ እስኪመጣ ከሚስማሩ አይወርድም፤ የሚወርደው ቤተሰብ መጥቶ «ከእንግዲህ አትጠብቁ» ያለ እንደሆነ ነው። የዚህ ካፖርት ባለቤት ሰናይት የምትባል ልጅ ነች። ተለካች፣ «ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ» አለች፣ ከዚያ ዓርብ ከቤት ወጥታ ቀረች። ይኸው ሁለት ዓመቷ። የት ሄደች? በዚያ ዘመን በከተማችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም። አንዱ ከታጋዮቹ ጋር በረሓ ወጣች ይላል፣ ሌላው ወታደሮች ወሰዷት ይላል። ሬሳ የለ፣ ልቅሶ የለ፣ ተዝካር የለ።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሳሉ እዚያው በራቸው ላይ ጣለኝ፤ ወንበር ይዤ ተንበረከክሁ። አቦይ ገብራይ አዩኝ። ከዚያ ተነሡና ካፖርቱን አወረዱት።

እንዴት ልንገራችሁ! ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የካፖርቱም ቀኝ ትከሻ ዝቅ ብሎ ነው የተሰፋው። አቦይ ገብራይ አማተቡ። «ውሰጂው። ብቻ ቅዳሜ በዚህ መንገድ አትለፊ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሙቀት ያገኘ ሰው እሺ የማይለው ምን አለ?

የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። በሁለተኛው ከኋላዬ መጠራት ጀመርኩ። «ሰናይት!» ይላል አንዱ። ስዞር ፊቱ ድርቅ ይላል፤ «ይቕሬታ» ብሎ ይሮጣል። በሦስተኛው ሳምንት ስሙ ሲጠራ ያለማመንታት መዞር ለመድኩ። ሌላም ነገር ነበር። ክፍል ውስጥ ሰቅዬው ቆይቼ፣ ልለብሰው ሳነሣው ውስጡ ይሞቃል፤ ሰው ገና አሁን ያወለቀው ነው የሚመስለው። የተማርኩ ሰው ነኝ ብዬ ፀሐይ ነው አልኩ። በክፍሉ ፀሐይ አይገባም።

አንድ ቅዳሜ ማስጠንቀቂያውን ረስቼ ወደዚያች መንገድ ታጠፍኩ። ጉም ወርዷል፣ ዘንባባዎቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም። ከኋላዬ «ሰናይት!» የሚል የሴት ድምፅ መጣ፤ እኔም «አቤት!» ብዬ ዞርኩ።

ነጸላ የለበሱ፣ እንደ እኔው አጭር የሆኑ እናት ነበሩ። ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ካፖርቱን አዩ። አላለቀሱም። የሰናይት እናት አደይ ለተማርያም እሳቸው ነበሩ። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ በመስኮቱ ያዩታል። ካፖርቱ ሚስማሩ ላይ እስካለ ድረስ ልጃቸው ትጠበቃለች።

«አቦይ ገብራይ ተስፋ ቆርጠው ነው?» አሉኝ። «ልቅሶ ልቀመጥ?»

ክው አልኩ። እኔ ብርድ ሸሸሁ እንጂ የሰው ልጅ ሞት ላውጅ መቼ አሰብኩ! ላወልቀው ስጣደፍ ሳሉ ያዘኝ። አደይ ለተማርያም እጄን ከቁልፉ አነሡና የአንገቱን ቁልፍ መልሰው ቆለፉልኝ። አንጀቴን በሉት።

«ቅዳሜ ብቻ ይሰቀልልኝ» አሉ። «ሌላውን ቀን እየለበስሽ አሙቂላት።»

እንዲህ ተስማማን። ዓርብ ከትምህርት መልስ ወስጄ እሰቅለዋለሁ፤ ሰኞ ማለዳ እወስደዋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ቤቴ ብርድ ልብስ ውስጥ እስላለሁ። አደይ ለተማርያምም ቅዳሜ መጥተው፣ መስኮቱ ጋ ጥቂት ቆመው ይመለሳሉ። ሦስታችንም ማስመሰል መሆኑን እናውቃለን፤ ሦስታችንም ደስ ይለናል። ብቻ ሰኞ ማለዳ ስለብሰው፣ ያ ሁሉ ብርድ አድሮበት፣ ሞቆ አገኘዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ሰኞ ሚስማሩ ባዶ ነበር።

«ካፖርቱስ?» አልኳቸው።

አቦይ ገብራይ ሣቁ። «ቅዳሜ ከሰዓት መጥተሽ ወስደሽው የለም እንዴ? ከስፌት መኪናዬ ቀና ስል ለብሰሽ በሩ ላይ ደርሰሻል። ጀርባሽን አየሁ። ‹ደሓን ኩኑ፣ አቦይ› ብለሽ ወጣሽ። ሳሉም ጨርሶ ትቶሽ ነበር፤ ተመስገን ዳነች ብዬ ደስ አለኝ።»

መልስ ልሰጣቸው አፌን ስከፍት ሳሉ ቀደመኝ። ሳልኩ፣ ሳልኩ፣ አላቆም አለኝ። አቦይ ገብራይ ሣቃቸው ፊታቸው ላይ ቀረ። ቀስ ብለው መቀሳቸውን አስቀመጡ።

ሌባ ነው እንዳትሉኝ። ሌባ ሰላምታ ሰጥቶ ይወጣል? ቀጣዩን ቅዳሜ አደይ ለተማርያምን ስንጠብቅ ዋልን፤ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ጎረቤታቸውን ብጠይቅ ዙሪያዋን ገላመጠችና «ልጅ መጥታ ወሰደቻቸው» አለችኝ፤ የማን ልጅ ብል በሯን ዘጋችብኝ። እኔም አልገፋሁም። የመጣችው ከበረሓ ይሁን ከወዲያኛው ዓለም፣ ካፖርቷን ነው የወሰደችው፤ ምን ልላት እችላለሁ?

እኔ ግን ያው ብርዱ አለብኝ። ሁለት ሳምንት መልሕቁን ካፖርት ለብሼ ከዳይሬክተሩ ልጅ ጋር መንታ መሰልኩ። በመጨረሻ አቦይ ገብራይ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በገዛ ስሜ ለኩኝ። ዓርብ ከሰዓት ልየው ብዬ ብሄድ አልቆ የቀረው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ወደ ሚስማሩ ወሰዱትና «በቃ፣ ጓለይ፣ ቅዳሜ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ» አሉኝ።

«ኣይፋል፣ አቦይ» አልኩ፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እዚሁ እጠብቃለሁ።»

አቦይ ገብራይ ሚስማሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ መርፌያቸው ላይ ክር አስገቡ።